ለብረት ቀጥቃጩ ክንድ ረዳት

ገበሬው ማረሻውን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን የሚያገኘው ከአካባቢው ብረት ቀጥቃጭ እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ግን ቆም ብሎ ያየ ሰው ጥቂት ነው። (ማጭዱን እየፈለግን ሠሪውን የምናርቅበት ልማድ ከመካከላችን ገና ፈጽሞ አልጠፋም፤ ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን።)

አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ማረሻ እንዲሆን ሲፈለግ በመጀመሪያ በከሰል እሳት ይግላል። አንዱ ወናፍ ይነፋል፤ ባለሙያው በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ ያጋድመዋል፤ ሌላው መርቴሎ ያነሣል። ብረቱ ከእሳት ሲወጣ መልኩ ብርቱካንማ ነው፤ ሙቀቱም 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሆናል። ቀጭን ከሆነ ግን አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ይጠቁራል። ቅላቱ ከጠፋ በኋላ ቢቀጠቀጥ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ተመልሶ እሳት ይገባል፤ ይወጣል፤ ጥቂት ይመታል፤ እንደገና ይገባል። ድካሙ ሁሉ በዚህ ምልልስ ውስጥ ነው።

በሞተር የሚሠራ መዶሻ ትልቁ ጥቅሙ ይህን ምልልስ ማሳነሱ ነው። የሚወርደው መዶሻ 25 ኪሎ ያህል የሚመዝን አነስተኛ መኪና በደቂቃ ከ200 እስከ 300 ጊዜ ይመታል። መርቴሎ የያዘ ጎበዝ ወደዚህ ቁጥር አይጠጋም፤ ከቀትር በኋላም ክንዱ ይዝላል። በአንድ ግለት ብዙ ሥራ ስለሚያልቅ ከሰል ይተርፋል፤ ከሰል ማለት ደግሞ ዛፍ ነው። ብረትም እሳት በገባ ቁጥር ላዩ እየተቃጠለ ቅርፊት ሆኖ ይረግፋል፤ ለስለት የሚያስፈልገው ካርቦንም ከላዩ ይቀንሳል። ግለቱ ሲያንስ ይህ ጉዳት አብሮ ያንሳል።

ሌላም ነገር አለ። መርቴሎውን የሚያነሣው ብዙ ጊዜ የባለሙያው ልጅ ነው። መኪናው ግን በእግር ፔዳል ስለሚታዘዝ ባለሙያው ብቻውን ብረቱን ይዞ መምታት ይችላል፤ ልጁም ለትምህርት ቤት ጊዜ ያገኛል። የአባትየው ትከሻ ማረፉንም አንርሳ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ማንሣት የተሳናቸው ባለሙያዎች አይተናል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የውኃ ኃይል የሚያነሣው መዶሻ በቻይናና በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ሠርቷል። እንግሊዝ አገር የሚሠራው ጄምስ ናስሚዝ የተባለ መሐንዲስ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ለአንድ ትልቅ መርከብ የሚሆን ግዙፍ ዘንግ የሚቀጠቅጥበት መሣሪያ በመጥፋቱ በእንፋሎት የሚሠራ መዶሻ ነደፈ።

ለገጠር የሚስማማው ግን እጅግ ቀላል ነው። ብየዳ የሚያውቅ ሰው ከባሌስትራ፣ ከፑሌጃ፣ ከቺንጋና ከሁለት ወይም ሦስት የፈረስ ጉልበት ሞተር ሊገጥመው ይችላል። ፔዳሉ ሲረገጥ ቺንጋው ይወጠርና መዶሻው ይመታል፤ ሲለቀቅ ቺንጋው ላልቶ መዶሻው ይቆማል። ባሌስትራው ምቱን ያለዝባል። እዚህ ላይ ከራሳችን ስሕተት የተማርነውን እንንገራችሁ። በመጀመሪያው ሙከራ ገንዘብ ለማትረፍ ብለን ከሥር ያለውን መስፍ አሳነስነው፤ መኪናውንም በስስ ሲሚንቶ ላይ አቆምነው። ሲሚንቶው ተሰነጠቀ፤ ጉልበቱም ብረቱን በመቀጥቀጥ ፈንታ መሬቱን በመነቅነቅ አለቀ። መስፉ ከሚወርደው መዶሻ ቢያንስ አሥር እጥፍ መክበድ አለበት፤ 15 እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ለ25 ኪሎ መዶሻ ቢያንስ 250 ኪሎ ማለት ነው። ወጪውም እዚያ ላይ ነው።

ጉጠቱ በሆድ ትይዩ አይያዝ፤ ብረቱ ከአፉ ሾልኮ ወይም ተወንጭፎ ቢመለስ የሚያገኘው ሆድን ነውና፤ በጎን በኩል ይያዝ። ዓይን በመነጽር፣ ጆሮም በመድፈኛ ይሸፈን። ድምፁ ለጎረቤትም አይመችም።

መብራት በሌለበት ቦታ በናፍጣ ሞተር ማሠራት ይቻላል፤ ነገር ግን በሳምንት ሁለት ማረሻ ለሚሠራ ሰው ናፍጣው ትርፉን ይበላዋል። ለእንዲህ ያለው ባለሙያ በእግር ተረግጦ በሞላ ተመልሶ የሚነሣ መዶሻ ይሻለዋል፤ ሞተር ባይኖረውም ሁለቱን እጆቹን ነፃ ያደርግለታል። ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞች ለሞተር መዶሻ ገንዘብ ከመጠየቃቸው በፊት ባለሙያው በአንድ ወር ስንት ትእዛዝ እንደሚቀበልና ስንት ጆንያ ከሰል እንደሚፈጅ አብረውት ቁጭ ብለው ይቍጠሩ። ሁለትና ሦስት ባለሙያዎች በአንድ መኪና ለመጠቀም ይስማሙ እንደ ሆነም በዚያው ይጠይቁ።