የባንዱ ስም ማን ነው?

ጎጃም ውስጥ ሚሞሪ ካርዱን ይዞ ዘፈን ለማስጫን ሱቅ የገባ ሰው የሚጠራው የዘፋኝ ስም ነው። «የጂጂን ጫንልኝ፤ የሰማኸኝንም ጨምርበት» ብሎ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ባለሱቁም ፋይሎቹን የደረደረው በዘፋኝ ስም ነው። ጊታሩን ማን እንደመታው፣ ድራሙ ላይ ማን እንደተቀመጠ፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ የሚጠይቅም የሚመልስም የለም። በካሴት ዘመንም ነገሩ ያው ነበር፤ ሽፋኑን የሚሞላው የዘፋኙ ፊት ነው፣ የባንዱ ስም ከተጻፈም ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው። ሮክንና ሄቪ ሜታልን ልሞክር የሚል ሰው በቅድሚያ ጥያቄውን መለወጥ አለበት። እዚያ ሰፈር የሚጠየቀው የባንዱ ስም ነው።

የሮክ ዕቃ ብዙ አይደለም፦ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራምና የሰው ድምፅ። ጊታሩ ከዘፋኙ ጀርባ ቆሞ የሚያጅብ አይደለም። ዘፈኑን ተሸክሞ የሚሄደው እሱ የሚደጋግመው አጭር የዜማ ሐረግ ነው፤ ሙዚቀኞች ሪፍ ይሉታል። ሄቪ ሜታል ይህንኑ ያከበደ የሮክ ልጅ ሲሆን የትውልድ ቦታውም ከሞላ ጎደል ይታወቃል። በርሚንግሃም ከተባለችው የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ የወጣው ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበሙን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የባንዱ ጊታር መቺ ቶኒ አዮሚ በወጣትነቱ ብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በዚያው እጁ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፣ ክሮቹንም ቀጫጭን አደረጋቸው። በ1971 በወጣው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» አልበም ላይ ደግሞ ክሮቹን አላልቶ ጊታሩን ወደ ታች ቃኘው። ሲላሉ ለጣት ይቀልላሉ፤ ድምፁ ግን ይወፍራል፣ ይከብዳል። ዛሬ ሜታል የምንለው ወፍራም ድምፅ አንዱ ምንጭ ይህ የተጎዳ እጅ ነው።

የባንዱን ስም ሲሰማ የሚያማትብ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ብላክ ሳባዝ ስሙን ያገኘው በ1963 ከወጣ የአስፈሪ ፊልም ርእስ ነው፤ ሰው ለመፍራት ገንዘብ ከፍሎ ሲኒማ ከገባ ለምን ለመፍራት ሙዚቃ አይሰማም ብለው ነው። አብዛኛውን ግጥማቸውን ይጽፍ የነበረው ጊዘር በትለር ከካቶሊክ ቤተሰብ የወጣ ሰው ሲሆን፣ ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ ላይ ለእምነት የሚሟገት ዘፈን አለ። ይህን ስል የሜታል ሰው ሁሉ ጨዋ ነው ማለቴ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት አቃጥለው የተፈረደባቸው የብላክ ሜታል ሙዚቀኞች ነበሩ። ባንድን ከባንድ መለየት የአድማጩ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። ሮክን ለማያውቅ ጆሮ የመጀመሪያው እንቅፋት ጊታሩ ለምን እንደሚያጉረመርም አለመረዳት ነው። «ዕቃው ተበላሽቷል እንዴ?» ያሰኛል። በእርግጥም አንዳንዴ ተበላሽቷል። ዘ ኪንክስ የተባለው የለንደን ባንድ ጊታር መቺ ዴቭ ዴቪስ በ1964 የትንሽ ድምፅ ማጉያውን (አምፑን) ስፒከር ወረቀት ሆን ብሎ በምላጭ ሰነጠቀው። ድምፅ ሲያልፍበት የተሰነጠቀው ወረቀት ይርገበገባል፤ ያ መርገብገብ ነው የተፈለገው። ይህንኑ የሚሠሩ በእግር የሚረገጡ ትንንሽ መሣሪያዎች ሲስፋፉ ምላጩ ቀረ።

በገና የሚያውቅ የጎጃም ሰው ለዚህ ድምፅ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በገናን ቀረብ ብላችሁ እዩት። አሥሩ ጅማቶች ወርደው በሚያርፉበት እንጨት ላይ፣ በጅማቱና በእንጨቱ መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ጅማቱ ሲመታ ቆዳዋን እየነካካ ይነዝራል፤ ያ «ዝዝዝ» የሚል ጥልቅ ድምፅ የሚወጣው ከእሷ ነው። እንዚራዋ ከቦታዋ ትንሽ ከተንሸራተተች ነዘራው ይጠፋና ጅማቱ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ስለዚህ ደርዳሪው እያንዳንዷን በጣቱ እየገፋ ልኳን ይፈልጋል። በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፣ ቦታውም ከመድረክ ጊታር ጋር አይወዳደርም። ጥርት ያለውን ድምፅ አውቆ ማሻከር ግን ከዴቭ ዴቪስ ምላጭ በፊት እኛ ዘንድ የቆየ ጥበብ ነው። የአለሙ አጋን በገና በኢትዮፒክስ ቅጽ 11 ላይ ሰምቶ ወዲያው አዮሚን የሰማ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ሌላም አለ። ብላክ ሳባዝ በስሙ በተሰየመው የመጀመሪያ ዘፈኑ ሪፍ ላይ የተጠቀመበት የድምፅ ርቀት ኦክታቭን እኩል ለሁለት የሚከፍለው፣ አውሮፓውያን ለጆሮ የሚቆረቁር ብለው ሲሸሹት የኖሩት ርቀት ነው። የሙዚቃ ትምህርት የቀመሰ ሰው አንቺሆዬ ቅኝትን ቢፈትሽ ያው ርቀት እዚያው ቁጭ ብሎ ያገኘዋል። እነሱ ለማስፈራሪያ ያደረጉትን እኛ ሠርግ አድምቀንበታል።

ሮክን በየትኛው አልበም ልጀምር ተብዬ ስጠየቅ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሞአ አንበሳ»። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ በ1935 ይፋት ውስጥ ተወለደ፣ ገና በልጅነቱ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ ገባ፣ ቀጥሎ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠራ። ትልቁ ሥራው ሽለላን ወደ ሳክስፎን ማምጣቱ ነው። ሸላዩ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ዘንጉን ይዞ ወዲያና ወዲህ እያለ የሚያወጣውን ያን የሚንቀጠቀጥ፣ የሚቆራረጥ፣ እየጋለ የሚሄድ ድምፅ በናስ ቧንቧ አወጣው። በ1979 የተመሠረተው ዘ ኤክስ የተባለ የሆላንድ ፓንክ ሮክ ባንድ በ2004 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዘው። ፓንክ የሮክ አመጸኛ ወገን ነው፤ ዜማ ማስጌጥ አያውቅም። ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ሽማግሌ ግን ሰምቷቸው ወደዳቸው፣ ቀጣዩን አልበሜን የምታጅቡኝ እናንተ ናችሁ አላቸው። ዘፈኖቹን መረጠ፤ አልበሙ በ2006 ወጣ።

«ቼ በለው ሽለላ» የሚለውን ሥራ አውጥታችሁ ስሙት። ጊታሮቹ ዜማውን አያጅቡትም፤ እንደ ቆርቆሮ ይፋጫሉ። ካተሪና ቦርነፌልድ ድራሙን የምትመታው ፈረስ እንደሚያስጋልብ ሰው ነው። ጌታቸው ግን ፍጥነቱንም ፉከራውንም አልቀየረም። ባዕዳኑ ወደ እሱ መጡ እንጂ እሱ ወደ እነሱ አልሄደም። ብዙ የቅይጥ ሙዚቃ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ወገን ተግባብተን እንጫወት ሲሉ ድምፁ ለብ ይላል። እዚህ አልበም ላይ ለብ ያለ ነገር የለም። ጌታቸው በ2016 ከማረፉ በፊት ከነሱ ጋር አውሮፓንና አሜሪካን ዞሯል።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቀላል ነው። ፈረንሳይ፣ ሊዮን ውስጥ የተመሠረተው ዩካንዳንዝ ባንድ አዲስ አበባ ካደገው ድምፃዊ አስናቀ ገብረየስ ጋር በ2012 «ይቻላል» የተባለ አልበም አወጣ፤ የቆዩ የአማርኛ ዜማዎች ሜታል ለብሰው የሚወጡበት ነው። በዚያው ዓመት አገር ቤት ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን አወጣ። ጃኖ አራት ድምፃውያንን፣ ሃሌሉያን፣ ሄዋንን፣ ድብኩሉንና ኃይሉን፣ ፊት ለፊት አሰልፎ መጣና «ዘፋኙ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ አፈረሰው። ሰው ወዶም ጠልቶም የባንዱን ስም ለመጥራት ተገደደ። ለእኔ ጆሮ ጊታሮቹ ትንሽ ተደብቀዋል፤ መድረክ ላይ የሚሰሙትን ያህል በአልበሙ አይሰሙም።

የኤርታሌ ፕሮዲዩሰር ቢል ላስዌል የተባለ አሜሪካዊ ቤዝ ጊታር መቺ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ። የቻግኒዋ ልጅ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በስሟ የጠራችውን የ2001 አልበም ያዘጋጀው እሱ ነው፤ ሄርቢ ሃንኮክንና ዌይን ሾርተርን የመሳሰሉ የጃዝ ታላላቆች እዚያ ላይ ይጫወታሉ። የእንግሊዙ ሞተርሄድ፣ ከምድር ላይ ጯኺ ከሚባሉት የሮክ ባንዶች አንዱ፣ በ1986 ያወጣውን አልበም ያዘጋጀውም ይኸው ሰው ነው። እንግዲህ የጂጂን ሙዚቃ በስልኩ የያዘ የጎጃም ሰው ከሞተርሄድ የሚለየው አንድ ስም ብቻ ነው። ያልተዘመረላቸውን ባንዶች ማግኛው ዘዴ ይህ ነው፤ የወደዱትን አልበም ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብና ስሙን ተከትሎ መሄድ።

ዲማ ላይ ይህን ማስረዳት አይከብድም። ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሁሉ ዲማ ጊዮርጊስን ያውቃል፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው የተማሩበት ደብር ነው። የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከመምህር ወደ መምህር ይሄዳል፤ የጎንጅ ነው፣ የዋሸራ ነው እየተባለ የቅኔው ቤት ይጠየቃል። ማን ዘረፈው ብቻ ሳይሆን ከማን ተማረው ይባላል። ሮክንም እንደዚያ ብታዳምጡት አንዱ ስም ሌላውን ይጠራል።

እኛ ዘንድ በዚህ መንገድ ሊነሱ የሚገባቸው ብዙ ናቸው። የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» የማያውቅ የለም፤ ያጀበውን አይቤክስ ባንድን ስም ግን ስንቱ ይጠራል? ጊታር መቺውን ሰላም ስዩምን፣ ቤዝ ጊታር መቺውን ጆቫኒ ሪኮንስ? ባንዱ በኋላ ሮሃ ተብሎ የአንድ ትውልድ ዘፋኞችን አጅቧል። ዘፈኑን አንድ ጊዜ ድምፁን ትታችሁ ቤዙን ብቻ ተከትላችሁ ስሙት፤ ሌላ ዘፈን ይሆናል።

በስደት ያለው ወገናችን ኬና ዘመድኩን ደግሞ ሌላ ዓይነት ዕጣ ገጠመው። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ቨርጂኒያ ያደገ፣ ሮክን ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ያዋሐደ ሙዚቀኛ ነው። የመጀመሪያ አልበሙን በ2003 ሲያወጣ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ ተደንቀውበት ነበር፤ የራዲዮ ጣቢያዎች የሚመኩበት የአድማጭ ዳሰሳ ግን ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠው። ማልኮም ግላድዌል «ብሊንክ» በተባለው የ2005 መጽሐፉ አንድ ምዕራፍ የሰጠው ለዚህ ነገር ነው። ጥቂት ሴኮንድ ቆርጠህ አሰምተህ ወደድከው ወይስ ጠላኸው ብትለው ሰው ያልለመደውን ሁሉ ጠላሁ ይላል። አልበም በሙሉ ይሰማ የምለውም ለዚህ ነው።

ከኛ ውጭም ቢሆን የተረሱት ብዙ ናቸው። ዴትሮይት ውስጥ ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ወንድማማቾች ዴዝ («ሞት») በሚል ስም በ1975 የቀዱትን ሙዚቃ የሚያሳትምላቸው ጠፋ፤ ስማችሁን ቀይሩ ሲባሉም እምቢ አሉ። አልበሙ የወጣው በ2009 ነው፤ ባንዱን የመሠረተው ታላቅ ወንድም ዴቪድ ግን በ2000 ሞቶ ነበር። የዛምቢያው ዊች ባንድ በ1975 «ሌዚ ቦንስ» የተባለ አልበም አወጣ፤ ሻካራው ጊታር የእንግሊዞቹን ያህል ይነድዳል፣ ዓለም ግን ያወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና ሲታተም ነው።

ስለ መዋዋስ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ለወዳጅ ሠላሳ አልበም በአንድ ቀን መጫን አንዱንም እንዳይሰማ ማድረግ ነው፤ አንድ ስጡት። ስትሰጡትም ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ብዙ ስልክና ቴፕ ፋይሎችን የሚያጫውተው በስማቸው የፊደል ተራ ስለሆነ መዝጊያው ዘፈን መክፈቻ ሆኖ ይመጣል፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊት 01፣ 02 እያላችሁ ቁጥር ጻፉበት። ፎልደሩን በባንዱ ስም ጥሩት፣ የተጫዋቾቹንም ስም ጨምሩበት። ሽለላ ለሚወድ አጎት ሞአ አንበሳ፣ ከተማ ለቀመሰ ወጣት ኤርታሌ ይሆናል። ማስተር ኦፍ ሪያሊቲን ግን በስልክ ስፒከር አትሞክሩት፤ አዮሚ ወደ ታች ያወረደው ድምፅ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ አይወጣም። ኢርፎን ከሌለ የጎረቤት ጂፓስ ተዋሱ፣ ጎረቤቱንም አብራችሁ ጥሩት።