የጥንት ጥቁር ጉድጓዶች እና የጊዜ ሒሳብ



ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከመካነ ሰላም ሰማዩን ቀና ብሎ ያየ ሰው ብርሃኑ ሁሉ ዛሬ የወጣ ይመስለዋል። ከሩቅ የሚደርሰን ብርሃን ግን የምንጩን የጥንት ገጽ ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነውን ጄ0313-1806 የተባለ ኳዛር እንመልከት። በመሃሉ 1.6 ቢሊዮን ፀሐዮችን የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ የምናየውም ዩኒቨርስ 670 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሳለ የነበረውን ነው። ትናንት የተዘራ ማሳ ዛሬ ለአጨዳ ደርሶ ቢገኝ የቦረና ገበሬ ምን ይላል?

እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ እርሳስ ይበቃናል። ወደ ጥቁር ጉድጓድ የሚወድቀው ጋዝ ይግላል፣ ያበራል፤ ብርሃኑም ተከትሎ የሚመጣውን ጋዝ መልሶ ይገፋል። ስለዚህ ጋዙ ቢትረፈረፍም የአወሳሰዱ ፍጥነት ልክ አለው፤ የኤዲንግተን ወሰን የምንለው ይህንኑ ነው። በዚህ ወሰን ልክ ሳያቋርጥ የሚያድግ ጥቁር ጉድጓድ፣ በተለመደው ግምት፣ እጥፍ ለመሆን 35 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ከሞተ ኮከብ ተርፎ 100 ፀሐዮችን ከሚመዝን ዘር ብንነሣ 1.6 ቢሊዮን ለመድረስ 24 ጊዜ መታጠፍ አለበት። 24 በ35 ሲባዛ 840 ሚሊዮን። ዩኒቨርስ ያኔ ይህን ያህል ዕድሜ አልነበረውም! የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት እስኪወለዱ ያለፈውን ጊዜ ገና አልቆጠርንም።

እንግዲህ ወይ ወሰኑ ተጥሷል፣ ወይ ዘሩ ከባድ ነበር። የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ፕሪያምቫዳ ናታራጃን፣ ሳይንስን ለሕዝብ በመጻፍም የምትታወቅ ምሁር፣ ከባልደረቦቿ ጋር የሁለተኛውን ሐሳብ ስታራምድ ቆይታለች፤ ጋዙ ከዋክብት ሳይሆን በቀጥታ ተደርምሶ እስከ 100,000 ፀሐዮች የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድ ይወልዳል። ከዚያ በኋላ 14 ያህል እጥፍ፣ ማለትም 490 ሚሊዮን ዓመት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 የቻንድራና የዌብ ቴሌስኮፖች በዩኤችዜድ1 ጋላክሲ ያገኙት ምልክት ከዚህ ሐሳብ ጋር ይስማማል። እኔም ወደዚሁ አደላለሁ፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

«ይህ ለእኛ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ሚርያና ፖቪች በኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆና፣ በማዕከላቸው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ የሚመገብባቸውን ጋላክሲዎች እያጠናች የአገራችንን ተመራማሪዎች አሠልጥናለች፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከኔቸር ሪሰርች ሽልማት አግኝታለች። የእንጦጦ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ጄ0313ን አያዩም። የዌብ መረጃ ግን ቢዘገይ በአብዛኛው ከአንድ ዓመት በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናል፤ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካለ ከዚህም ሆኖ ይወረዳል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የቸገራችሁ ከጉባኤው በኋላ ቢሮዬ ብቅ በሉ።