«ስኳርህ ደህና ነው» የሚለው ዜና እና ከዜናው ጀርባ ያለው ደም

ስቶክሆልም፦ ነገሩ የሆነው በዐቢይ ጾም ነው። ከስቶክሆልም ዳርቻ ሰፈሮች በአንዱ የሚኖር ወገናችን ለደም ምርመራ በጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ነርሷ መርፌዋን ከማንሳቷ በፊት በስዊድንኛ «ፋስታንዴ?» ብላ ትጠይቀዋለች። «ጾመኛ ነህ ወይ?» ማለቷ መሰለውና ኩራት በተቀላቀለበት ድምፅ «ያ!» ሲል ይመልሳል። አልዋሸም። ሥጋም ወተትም ከቀመሰ ሳምንታት አልፈዋል። ከቤቱ ሲወጣ ግን ዳቦውን በልቶ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻዩን ጠጥቶ ነበር። እሷ የጠየቀችው ከማታ ጀምሮ ከውሃ በቀር ምንም አለመቅመሱን ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ስኳሩም ኢንሱሊኑም ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ምርመራው በባዶ ሆድ እስኪደገም ድረስ ቤተሰቡ በሐሳብ ሰነበተ። በሁለተኛው ምርመራ ስኳሩ ደህና ሆነ፤ ኢንሱሊኑ ግን አሁንም ከፍ ያለ ነበር። ወዳጃችን ይህን አጫውቶን አብረን ከሳቅን በኋላ አንድ ቁም ነገር ጠየቀን። «ስኳሬ ደህና ከሆነ ኢንሱሊኔ ቢበዛ ምን ያስጨንቀኛል?»

ውድ አንባብያን፣ በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ዕድሜያችንን የፈጀን ሰዎች የዚህ ጥያቄ መልስ አይርቀንም። «ገበያው ተረጋግቷል» የሚል ዜና ስናወጣ፣ ዋጋው በዚያን ቀን በእርግጥ ያልጨመረበት ጊዜ ነበር። ዋጋው እንዳይጨምር ከመጋረጃው በስተጀርባ ስንት እንደወጣ፣ ካዝናው እስከ መቼ እንደሚችለው ግን አንጽፍም ነበር። የስኳር ምርመራም አንዳንድ ጊዜ እንደዚያ ያለ ዜና ነው።

ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭና ስኳርን ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ስብ የሚያስገባ ሆርሞን ነው። ቦርጭ ሲወጣ፣ ጉበት ስብ ሲቋጥር፣ ሰውነት ሳይንቀሳቀስ ሲውል፣ ጡንቻና ጉበት ለኢንሱሊን ትእዛዝ እምቢተኛ ይሆናሉ። ቆሽት ደግሞ እምቢታውን ለማሸነፍ ጨምሮ ያመርታል። በዚህ ትግል ስኳሩ ለዓመታት ልኩን ይዞ ሊቆይ ይችላል። በእነዚያ ዓመታት ግን የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ቅባት ይበዛል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ይቀንሳል፣ የልብ ደም ሥሮች ይጠብባሉ። ቆሽት ሲደክም ስኳሩ ያን ጊዜ ብቅ ይላል። አንዳንዱ ወገናችን ስኳር እንዳለበት የሚሰማው ልቡ ታሞ ሆስፒታል በገባበት ዕለት ነው።

ይህን ምስጢር ለዓለም የገለጠው ምርመራ ስቶክሆልም ላይ ተሸልሟል። ሮዛሊን ያሎው የተባለች አሜሪካዊት የፊዚክስ ባለሙያ ከሐኪሙ ሰለሞን በርሰን ጋር ሆና እጅግ ጥቃቅን የሆርሞን መጠንን በደም ውስጥ የሚለካ ዘዴ አገኘች። ሁለቱ በ1960 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ በጉልምስና ስኳር የያዛቸው ብዙ ሰዎች ኢንሱሊን ጨርሶ የጎደላቸው አልነበሩም፤ እንዲያውም በደማቸው በብዛት ይገኝ ነበር። ቀደም ሲል ያቀረቡትን አንድ ጽሑፍ የመጽሔት አዘጋጆች መልሰውባቸው ነበር። ያሎው ያንን የእምቢታ ደብዳቤ አስቀምጣ በኖቤል ንግግሯ ላይ አቀረበችው። ለአዘጋጆች ሁሉ ትምህርት ነው፤ እኛንም ይጨምራል። በርሰን በ1972 ስላረፈ ሽልማቱን አላየም። ያሎው ታኅሣሥ 1 ቀን 1970 ዓ.ም. በሆቶርየት አደባባይ በሚገኘው ኮንሰርት ቤት ሜዳሊያዋን ስትቀበል፣ አዲስ አበባ በቀይ ሽብር ትታመስ ነበር። ዛሬ ወገኖቻችን አትክልት የሚገዙት ከዚያው ሕንፃ ደጃፍ ነው።

ጉዳዩ እኛን ለምን ይመለከታል? በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰለሞን ዘመቻ እስራኤል የገቡትን ወገኖቻችንን እንመልከት። ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። በአዲሱ አገር ዓመታት ሲቆጠሩ ግን በሽታው እየተስፋፋ መሄዱን የእስራኤል ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል፤ ያውም ብዙም ባልወፈሩ ሰዎች ላይ ጭምር። ስለዚህ «እኔ ቀጭን ነኝ» ማለት ዋስትና አይሆንም። በስደት ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ ቀን የሚተኛ፣ ቅዳሜና እሑድ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ከአያቱ የወረሰው ሰውነት እንጂ የአያቱ ኑሮ የለውም።

ምን እንመርመር?

እንግዲህ ይህን ያነበበ ሁሉ ነገ ሮጦ «የሆርሞን ምርመራ» የሚል ውድ ጥቅል እንዲገዛ አንመክርም። የኢንሱሊን ልኬት ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያል፤ ለሁሉም ሰው የሚታዘዝ ምርመራም አይደለም። የብዙ ሰው አደጋ የሚታወቀው በርካሹ ነው፤ በደም ግፊት፣ በስኳር፣ በኮሌስትሮል፣ በወገብ ልክ፣ በሲጋራና በቤተሰብ ታሪክ። የሆርሞን ምርመራ ግን ቦታ ቦታ አለው።

የታይሮይድ ዕጢ፣ ማለትም እንቅርት የሚያብጥበት ዕጢ፣ ሲደክም መጥፎው ኮሌስትሮል ይጨምራል፤ ዕጢው ሲታከም ይወርዳል። ኮሌስትሮሉ ለምን እንደወጣ ያልታወቀ ሰው ስለዚህ ምርመራ ሐኪሙን ቢጠይቅ ይበጀዋል። ልብ ራሱ ሲጨናነቅ ሆርሞን ያመነጫል። ትንፋሽ ለሚያጥረው፣ እግሩ ለሚያብጥ ሰው የልብ ድካም መኖር አለመኖሩን ለመለየት ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የሚባለው ምርመራ ይረዳል። ሲ-ፔፕታይድ ደግሞ ቆሽት ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚያመርት ይናገራል። ይህ ለአገራችን ሰው ልዩ ትርጉም አለው። የጎንደሯ ሐኪም ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር የሚኖሩ ቀጫጭን ድሆችን የሚይዘው የስኳር በሽታ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል ጥያቄ አንስተዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እንዲህ ያለውን በሽታ «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው በ2025 ነው።

ቁጥሩን እንዴት እናንብብ?

አንድ ወንድም ከስቶክሆልም «ስኳሬ 7 ነው» ሲል፣ ዋሽንግተን ያለው ወንድሙ «የእኔ 126 ነው» ብሎ ይደነግጣል። ሁለቱ ግን አንድ ናቸው፤ መለኪያው ነው የተለየው። በባዶ ሆድ ተለክቶ ይህን የደረሰ ሁሉ ሐኪም ማየት አለበት። የሁለትና የሦስት ወር ስኳር በሚያሳየው ምርመራም ስዊድን 48 የምትለው አሜሪካ 6.5 በመቶ ከሚለው ጋር እኩል ነው።

ወደ ምርመራ ሲሄዱ «ፋስታንዴ» ከተባሉ ውሃ ብቻ ነው የሚፈቀደው። የሌሊት ሠራተኛ ከሆኑ ይናገሩ፤ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን በጠዋት ከፍ፣ በማታ ዝቅ ስለሚል ሰዓቱ ውጤቱን ይለውጠዋል። ለፀጉርና ለጥፍር ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነም አይደብቁ፤ አንዳንድ የሆርሞን ምርመራዎችን ያሳስታል። ቋንቋ ካልያዘልዎ ቀጠሮ ሲይዙ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ግራ ከተጋቡ በስዊድን 1177 ደውለው ምክር ማግኘት ይችላሉ።

በሽታን መደበቅ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። የመንግሥትን ምስጢራዊነት በየመድረኩ እያወገዝን የራሳችንን ደም ግፊት ከሚስታችን እንሰውራለን። አገር ቤት ስንቱ ወገን ምርመራው ሳይደርሰው ይሞታል፤ እኛ ደግሞ በጉርብትናችን ያለውን ምርመራ ሳንነካ ለቀብር ማስታወቂያ እንበቃለን። ወዳጃችን ዛሬ የሻዩን ስኳር ትቷል፤ ከሥራ ሲወጣ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ እየወረደ በእግሩ ይሄዳል። «አገሬን ሳላይ አልሞትም» ይላል። እኛም እንዲሁ እንላለን። ሞባይልዎን ያንሱና ቀጠሮ ይያዙ።

ቸር ወሬ ያሰማን።