ጾታዊ ዝንባሌና ዘረመል፦ ተረትና እውነታ

አንዳንድ ሰው ለተመሳሳይ ጾታ የሚሳበው ለምንድን ነው? ጥያቄው በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ከሁለት መልስ አያልፍም፤ «በደሙ ያለ ነው» ወይም «ራሱ የመረጠው ነው»። የሳይንስ ጥናቶች ግን ሁለቱንም አይደግፉም።

ተረት፦ ሳይንቲስቶች የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን የሚወስነውን ጂን አግኝተዋል።

እውነታ፦ ወሬው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። አሜሪካዊው የዘረመል ተመራማሪ ዲን ሃመርና ባልደረቦቹ ለወንድ የሚሳቡ 40 ጥንድ ወንድማማቾችን መረመሩ። ወንዶች ከእናታቸው በሚወርሱት ኤክስ ክሮሞዞም ጫፍ ላይ 33ቱ ጥንዶች ተመሳሳይ የዘረመል ምልክቶች ነበሯቸው፤ በአጋጣሚ ቢሆን የሚጠበቀው የ40ዎቹ ግማሽ ብቻ ነበር። ብዙዎች «ጂኑ ተገኘ» ብለው ተቀበሉት፤ የተጠቆመው ግን ብዙ ጂኖች ያሉበት የክሮሞዞም ክፍል እንጂ አንድ ጂን አልነበረም። በ1999 በካናዳ 52 ጥንዶችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ያንን ውጤት አላገኙም።

ተረት፦ ወሳኝ ጂን ከሌለ ዘረመል ድርሻ የለውም ማለት ነው።

እውነታ፦ በ2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ዘረመል መርምሯል። ከተመሳሳይ ጾታ ጋር ወሲብ ከመፈጸም ጋር ግልጽ ግንኙነት ያላቸው አምስት የዘረመል ቦታዎች ተለይተዋል፤ የእያንዳንዳቸው ተጽዕኖ ግን እጅግ ትንሽ ነው። በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ውስጥ በጥናቱ የታዩት የዘረመል ልዩነቶች ተደምረው የሚያስረዱት ከ8 እስከ 25 በመቶውን ነው። ስለዚህ ዘረመል ድርሻ አለው፤ የአንድን ሰው ዝንባሌ ግን በደም ወይም በምራቅ ምርመራ መተንበይ አይቻልም። የተጠኑት ሰዎች የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም።

ተረት፦ በጂን ያልተወሰነ ነገር ሁሉ ወይ ምርጫ ነው ወይ የአስተዳደግ ውጤት ነው።

እውነታ፦ ልጅ ሳይወለድ በማህፀን ውስጥም ብዙ ነገር ይቀረጻል። የካናዳ ተመራማሪዎቹ ሬይ ብላንቻርድና አንቶኒ ቦጋርት በ1990ዎቹ እንዳሳዩት፣ አንድ ወንድ ከአንድ እናት የተወለዱ ታላላቅ ወንድሞቹ በበዙ ቁጥር ለወንድ የመሳብ ዕድሉ በመጠኑ ይጨምራል። ቦጋርት በ2006 ይህ ከአስተዳደግ የመጣ እንደሆነ ፈተሸ። አብረው ያደጉ የጉዲፈቻና የእንጀራ ወንድሞች ለውጥ አላመጡም፤ የእናት ልጆች ግን ተለያይተው ቢያድጉም ለውጥ ታየ። ያም ሆኖ ብዙ ታላላቅ ወንድሞች ካሏቸው ወንዶች አብዛኞቹ የሚሳቡት ለሴት ነው።

ተረት፦ ጂኑ መኖር አለመኖሩ ሰዎቹ እንዴት መታየት እንዳለባቸው ይወስናል።

እውነታ፦ በ2014 የኡጋንዳ ፕሬዚዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ ጸረ ግብረ ሰዶም ሕጉን ከመፈረማቸው በፊት የአገራቸውን ሳይንቲስቶች ጠየቁ። ኮሚቴው ወሳኝ የሆነ አንድ ጂን እንዳልተገኘ፣ ዝንባሌው ግን በሽታ እንዳልሆነ ጻፈ። ፕሬዚዳንቱ የመጀመሪያውን ይዘው ሕጉን ፈረሙ። ለንጽጽር፣ ሃይማኖትም በጂን አይወረስም፤ ሆኖም ሰውን በሃይማኖቱ ማሳደድ በደል መሆኑን እናውቃለን። የሰው ክብር የላቦራቶሪ ውጤት መጠበቅ የለበትም።

ወደፊት «ጂኑ ተገኘ» ወይም «ጂን የለውም ተባለ» የሚል ዜና ሲያነቡ፣ ስንት ሰው እንደተጠና፣ እነማን እንደሆኑና ውጤቱ በሌሎች መረጋገጡን ሳይጠይቁ ለሌላ ሰው አያስተላልፉ።