ቤንዚን በልኩ ሲረጭ
መኪና ቆሞ ሳለ ሞተሩ የሚንቀጠቀጠው ለምንድን ነው? በደቂቃ 3000 ጊዜ የሚዞር ባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ በሰከንድ 25 ጊዜ ቃጠሎ ያካሂዳል። ቃጠሎው የተረጋጋ ነው የምንለው እነዚህ 25 ቃጠሎዎች ሲመሳሰሉ ነው። ለዚህም 1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ይሻል። አየሩ ከልክ በላይ ከበዛ ነበልባሉ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ቤንዚኑ ከበዛ ደግሞ ነዳጅ ይባክናል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድም ይጨምራል።

ካርቡራተር ቤንዚን የሚስበው አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ በሚፈጠረው የግፊት መቀነስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር የአየር ግፊቱ የዚያን ሦስት አራተኛ ገደማ ወደሆነባት አዲስ አበባ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል።

ኢንጀክተር ባለው ሞተር የሚገባው አየር በመሣሪያ ይለካል፤ ኮምፒዩተሩም ኢንጀክተሩ ለስንት ሚሊሰከንድ እንደሚከፈት ያሰላል። በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ውጤቱን ስለሚያሳውቀው ስሌቱን ወዲያው ያርማል። ሆኖም የኢንጀክተሩ ቀዳዳ በቆሻሻ ከጠበበ ስሌቱ ትክክል ቢሆንም ርጭቱ ይዛባል። እንግዲህ ሞተር ሲንቀጠቀጥ ከምንጠረጥራቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።