ለቴአትር የራስ ቁር ሲሠራ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

ለዓድዋ በዓል ቴአትር የጣልያንን ወታደር የራስ ቁር በቤታችሁ ለምትሠሩ ጓዶች፤

አሠራሩ ቀላል ነው። በደረቀ የጀሶ ቅርጽ ላይ ሰም ይቀባል፤ ከዚያም የፋይበርግላስ ጨርቅ በፖሊስተር ሙጫ እየራሰ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደረባል።

አደጋው ያለው በማጠንከሪያው ፈሳሽ ነው። መጠኑ ከሙጫው ከመቶ 1 እስከ 2 እጅ ነው፤ ሲበዛ ሙጫው እጅግ ይግላል፣ ያጨሳል። ከኮባልት ማፋጠኛ ጋር በቀጥታ ከተቀላቀለ ይፈነዳል። አንዲት ጠብታ ዓይን ብትነካ ልታሳውር ስለምትችል፣ መከላከያ መነጽር ሳታደርጉ ጠርሙሱን አትክፈቱ። ከነካም ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

የሙጫው ትነት ራስ ስለሚያዞር፣ ጓደኛ በተኛበት የመኝታ ክፍል ሳይሆን ደጅ ሥሩ። ቁሩም ለመድረክ እንጂ ለሞተር ብስክሌት አይሆንም።