በነፃ ወንዝ ከባልንጀሮች ጋር ዓሣ ስለ ማጥመድ፤ የጣናም ገባር ወንዞች ስለሚጠበቁበት ጊዜ

ወንዝ እንደ እርሻ በወሰን ድንጋይ ተከፍሎ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ነገር አይደለም። ውሃ የሚቀዳና ከብቱን የሚያጠጣ ሰው የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ እንደሚወርድበት ሁሉ፥ በሸንበቆና በመንጠቆ ለቀለቡ ያህል ዓሣ የሚያጠምድ ሰውም በልማድ ያለ ኪራይ ከዳሩ ተቀምጦ ክሩን ይጥላል። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ፥ በ1987 ዓ.ም. የወጣውም ሕገ መንግሥት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ካጸና ወዲህ፥ በወንዝ ዳር የሚያርሰው ባለ ይዞታ የያዘው ማሳውን እንጂ በማሳው አጠገብ የሚያልፈውን ውሃ አይደለም። በመረብ እያጠመደ ለገበያ የሚያቀርብ ሰው ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ፈቃድ ማውጣት ይገባዋል።

ይህ ነፃነት መልካም ነው፤ እንዲቀርም አንመኝም። ነገር ግን የሁሉ የሆነ ነገር ብዙ ጊዜ ጠባቂ አይገኝለትም። ሁሉም ይወስዳል፥ ሁሉም ሌላው ይጠብቅልኛል ይላል፤ በመጨረሻም የሚወሰድ ይታጣል። በጣና ሐይቅ ገባር ወንዞች ላይ የደረሰው ነገር ይህንኑ ስለሚመስል፥ የየወረዳው አስተዳዳሪዎችና የወንዝ ዳር መሬት የያዙ ሰዎች ጉዳዩን ይረዱት ዘንድ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ተራራ ተነሥተው፥ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው በስተምሥራቅ ወደ ጣና ይገባሉ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታ ከመድረሱ በፊት ጉማራን፥ ወረታን ካለፈ በኋላ ርብን በድልድይ ይሻገራል። በበጋ ወራት ውሃው ጎድሎና ጠርቶ ሲታይ፥ በዕረፍት ቀን ሦስት አራት ሆነው ወደነዚህ ወንዞች የሚወርዱ ባልንጀሮች ደስ የሚል ቀን ያገኛሉ። የሚያስፈልጋቸው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ሸንበቆ፥ ጠንካራ ክር፥ መንጠቆ፥ ክሩን የሚያሰጥም ትንሽ እርሳስ፥ ከእርጥብ መሬት የተቈፈረ ትል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ዝምታ ነው። ዓሣ የእግር ኮቴ መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው ይሰማል፤ ጥላም ውሃው ላይ ሲያርፍ ይሸሻል። ስለዚህ ጨዋታ የሚወድ ባልንጀራ ካለ ከሁሉ በታች፥ ውሃው ከሚወርድበት ወገን ቢቀመጥ ለሌሎቹ ይሻላል፤ ጨዋታው ምሳ ላይ ይደርሳል።

የተያዘውን ዓሣ በዚያው ቦታ ሆዱን ቀድዶ ማጽዳትና በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ ከጥላ ማኖር ይገባል፤ በፀሐይ የዋለ ዓሣ ከቤት ሳይደርስ ይበላሻል። የጣና ሰው ነጭ ዓሣ የሚለው ወገን ሥጋው ጣፋጭ ሆኖ ሳለ ቀጫጭን እሾህ ስለሚበዛበት፥ የሚያውቅ ሰው ጎንና ጎኑን በስለታም ቢላዋ አቀራርቦ ይሸነሽነውና በጋለ ዘይት ይጠብሰዋል፤ ያን ጊዜ እሾሁ አያስቸግርም። መልካም ባልንጀሮችም የያዘውም ያልያዘውም እኩል ይካፈላል እንጂ በመንጠቆ አይቈጣጠሩም።

ለሚወርዱ ሁሉ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። ሰማዩ በፎገራ ጠርቶ ሳለ ጉና ላይ ከዘነበ ወንዙ በድንገት ይሞላል፤ ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት ስፍራም ጉማሬ ስለሚገኝ በማለዳና በምሽት ከዚያ መራቅ ብልህነት ነው።

አሁን ወደ ዓሣው እንመለስ። በጣና የሚገኙት ዋና ዋና የምግብ ዓሦች ቀረሶ፥ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቀረሶና አምባዛ በሌሎች የአፍሪካ ውሆችም ይኖራሉ። ነጭ ዓሣ ግን እንዲህ አይደለም። ሕዝቡ በአንድ ስም ቢጠራውም፥ ሊቃውንት መርምረው ከ15 የማያንሱ ልዩ ልዩ ዝርያዎች ያሉት ሆኖ አግኝተውታል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ወደ ሀገራችን መጥቶ ካያቸው በኋላ አንዳንዶቹን በመጽሐፍ ገልጾአቸዋል። ከጣና በታች ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለከለከለ፥ እነዚህ ዓሦች በሐይቁ ውስጥ ለብቻቸው ተዋልደው፥ አንዱ ቅጠላ ቅጠል፥ አንዱ ትል፥ አንዱ ሌላ ዓሣ እየበላ በመልክና በአፍ ቅርፅ ተለያዩ። ከዝርያዎቹ እኩሌታ የሚያህሉት ዓሣ አዳኞች ናቸው። ይህም የሚያስደንቀው በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው ወገኖች ሆነው ሳለ ነው። በወንዝ ዳር የተቀመጠ ሰው ክሩ በኃይል ሲሳብበት የሚታገለው ከዚህ ከማይተካ ፍጥረት ጋር ሊሆን እንደሚችል ቢያውቅ ደስታው ሳይጨምር አይቀርም።

ክረምት ሲገባ፥ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፥ ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ሐይቁን ትተው ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በመጀመሪያ በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ቀጥሎም የደፈረሰውን ውሃ እየቀዘፉ ወደ ላይ ይሄዱና ጠጠር ወደ አለባቸው፥ ውሃቸው ፈጣንና ጥራት ያለው ወደ ሆኑ ትንንሽ ጅረቶች ይገባሉ። ሁሉም ባንድ ጊዜ አይወጡም፤ አንዱ ዝርያ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ በየሳምንቱ ይፈራረቃሉ። ዕንቍላላቸውን በጠጠሩ መካከል ይጥላሉ። ጠጠሩ ከተጫረና ከተወሰደ፥ ወይም ጭቃ ከሸፈነው፥ ዕንቍላሉ አየር አጥቶ ይሞታል። የተፈለፈለው ጫጩት በውሃው ተወስዶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ዓሣውም ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለ ሆነ ለመራባት የሚበቃው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ስለዚህ አንድ ክረምት የጠፋ ዘር በቶሎ አይተካም።

የጥፋቱ መንገድም በዚሁ ይገለጣል። ዓሣው በሐይቁ ስፋት፥ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ውሃ ተበትኖ ሳለ ሁሉን ለመያዝ አይቻልም። በወንዝ አፍ በተሰበሰበ ጊዜ ግን ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ መረብ የዓመቱን ወላጆች በጥቂት ሌሊት ሊጨርስ ይችላል። ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከደንገል ታንኳ በተጨማሪ በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችና ረጃጅም መረቦች በጣና ላይ ገብተዋል። ብዙ ሰው ሥራ አገኘ፥ ከተሞችም ዓሣ አገኙ፤ ይህ ጥቅም የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ተመራማሪዎች ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በሐይቁ ደቡብ ክፍል ለገበያ የሚያዘው ነጭ ዓሣ በክብደት ወደ ሦስት አራተኛ የሚያህል መቀነሱን መዝግበዋል። ዋናውንም ምክንያት ለመራባት ወደ ወንዝ አፍ የተሰበሰበውን ዓሣ በመረብ መያዝ ነው ብለውታል።

ከመረብ ይልቅ የከፋ ደግሞ ብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ደርቆና ተፈጭቶ በውሃ ላይ ሲበተን፥ በውስጡ ያለው መርዝ ዓሣው አየር እንዳይጠቀም ስለሚያግደው ሰክሮ በላይ ይንሳፈፋል። ይህን የሚያደርግ ሰው የሚፈልገው ትልልቁን ነው፤ የሚገድለው ግን ትንሹንም ጫጩቱንም ዓሣው የሚበላውንም ነፍሳት ነው። በበጋ ወንዙ ተቈራርጦ ዓሣው በየኩሬው ሲቀር ፈተናው ይበረታል፤ የመስኖ ሞተር ውሃውን እስከ መጨረሻ ሲስብ ደግሞ ብርብራ ሳያስፈልግ ዓሣው በጭቃ ላይ ይቀራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 በመርዝና በሚፈነዳ ነገር ማጥመድን ይከለክላል። አዋጁ አለ፤ የጐደለው በወንዙ ዳር የሚያስፈጽመው ሰው ነው።

ሌሎች ሀገሮች ይህን ነገር እንዴት እንደያዙት መመልከት ይጠቅማል። የእንግሊዝ ንጉሥ ጆን በ1215 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ማኅተሙን ባኖረበት ታላቅ ቃል ኪዳን፥ በቴምዝና በሜድዌይ ወንዞች፥ ከባሕር ዳርቻም በቀር በመላው ሀገሩ የዓሣ መያዣ አጥሮች ሁሉ እንዲነሡ የሚል አንቀጽ ይገኛል። ይህ በተለይ ለጀልባ መተላለፊያ የታሰበ ቢሆንም፥ ማንም ኃይለኛ ወንዝን አጥሮ የብቻው እንዳያደርግ ከለከለ። ዛሬም በእንግሊዝ ወንዞች ላይ ከማርች 15 እስከ ጁን 15፥ ይኸውም ከመጋቢት 6 እስከ ሰኔ 8፥ የወንዝ ዓሣ በሚራባበት ጊዜ፥ በመዝናኛ የሚያጠምዱ ሰዎች መንጠቋቸውን ያሳርፋሉ። በነዚህ ሦስት ወራት ያረፈ ሰው በቀሩት ዘጠኝ ወራት ያለ ሥጋት ይቀመጣል።

በእኛ ሀገር አንድ ችግር አለ፤ እርሱንም መሸሸግ አይገባም። ዓሣ በጾም የሚበላ ሰው ብዙ ነው፤ የማይበላም አለ። የፍልሰታ ጾም በነሐሴ የመጀመሪያው እኩሌታ ስለሚውል፥ ገበያው ዓሣ የሚፈልግበት ጊዜና ዓሣው ለመውለድ ወደ ወንዝ የሚወጣበት ጊዜ ይገጥማሉ። በዚያን ጊዜ መረብ የሚጥለው ሰው ብዙውን ጊዜ ድኃ ነው፤ ልጆቹን የሚያበላበትን ቀምቶ መሄድ ሹምን አያስመሰግንም። ይልቁንስ በነዚያ ሳምንታት ከወንዝ አፍ ርቆ በሐይቁ መካከል ቀረሶ እንዲያጠምድ ቦታውን ማሳየት፥ መረቡንም ወስዶ ከማቃጠል በፊት ማስተማር ይሻላል። ትምህርቱን ሰምቶ የሚደጋግም ከሆነ ያን ጊዜ ሕጉ ይፈጸምበታል።

በሸንበቆ የሚያጠምዱትን ባልንጀሮች በተመለከተ፥ አስተዳዳሪዎች እንደ ወንጀለኛ እንዳይመለከቱአቸው፥ ከሕግ ውጭም የዳር ኪራይ የሚጠይቃቸው ሰው እንዳይነሣ እንዲከለክሉ እንለምናለን። እነዚህ ሰዎች ወንዙን ከማንም በፊት የሚያዩት ናቸው። ሆዱ ወደ ላይ ሆኖ የሚንሳፈፍ ዓሣ፥ በሌሊት የተዘረጋ መረብ፥ ከጅረት በመኪና የሚጫን ጠጠር መጀመሪያ የሚገኘው በእነርሱ ዓይን ነው። በየድልድዩ አጠገብ ያለ አንድ የታመነ ሰው ተመርጦ፥ ያዩትን የሚነግሩትና እርሱም በዚያው ቀን ለወረዳው የሚያሳውቅ ቢሆን፥ ያለ ብዙ ወጪ ጥበቃ ይገኛል። በወንዝ ዳር የሚያርሱ ባለ ይዞታዎችም የማሳቸውን ጫፍ እስከ ውሃው ባያርሱት፥ ሣርና ዛፍ ቢተዉበት፥ አፈሩ ጠጠሩን ከመሸፈን ይድናል፤ ማሳቸውም በጎርፍ አይቈረስም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን አስቀድሞ ከተነገረ ነው። ዓሣው መውጣት ከጀመረ በኋላ በነሐሴ የሚነገር ትእዛዝ ዘግይቶአል። በሰኔ ወር፥ ወንዞቹ ሳይሞሉ፥ በወረታና በአዲስ ዘመን በየአካባቢውም ገበያዎች በገበያ ቀን ይነገር፤ የትኛው ጅረት ጠጠር እንዳለውና ዓሣ እንደሚወጣበት የሚያውቁ ሽማግሌዎችም በዚያው ወር ተጠይቀው የጅረቶቹ ስም ይጻፍ።